ግንበኛው ያልጠገነው ግንብ

ግንበኛውን ቀን ሠራተኞቹ «አለቃ»፣ የሥራ ባልደረቦቹ ደግሞ የግድግዳን ቀጥታ በሚለኩበት ባለክር ብረት ስም «ቱምቢ» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ሲገነባ ያጋደለ ግድግዳ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም፤ ካጋደለም ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምረዋል እንጂ በልስን ሸፍኖ አያልፍም። በኮምፒዩተር ጨዋታ ግን የመጣ የሄደው ሁሉ ይረግጠው ነበር።

ጨዋታውን ያስለመደችው ልጁ ናት። ጥቂት ሠራተኞች ይሰጡሃል፤ እንጨት ታስቆርጣለህ፣ ወርቅ ታስቆፍራለህ፣ ቤት ታሠራለህ፣ ወታደር ታሰለጥናለህ። ባላጋራህም በዚያው ሰዓት ያንኑ ያደርጋል፤ ተራህን ልጠብቅልህ የሚል የለም። ልጁ በዚህ አንደኛ ናት። ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚገቡበት ውድድር መውጣቱን ሲሰማ፣ ግንበኛው «እኔስ ጥንድሽ ብሆን?» አላት።

«አባዬ ሙት፣ ደስ ይለኛል። ግን ሦስተኛው እርከን ላይ ያልወጣ አይመዘገብም። አንተ ደግሞ ከመጀመሪያው ንቅንቅ አላልክም። ምዝገባው የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመለስ፣ ስሚንቶ የበላውን ጣቱን ቅባት ቀብቶ ኮምፒዩተሩ ፊት ይሰየማል። ግንቡን ዙሪያውን ያቆማል፣ ቤቶቹን በመስመር ይደረድራል። ሁሉ አምሮ ሲያልቅ ባላጋራው ስድሳ ወታደር ይዞ ይመጣና ድምጥማጡን ያጠፋዋል።

«አባዬ፣ እየተዋጋህ ነው ወይስ ሪል እስቴት ከፍተሃል?» ትለዋለች ልጁ።

የተሸነፈበትን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሶ እንዲያይም አስገደደችው። ቁስል መነካካት ሆነበት። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ይህንኑ እያየ ሳለ፣ ሽንኩርት ስትልጥ የነበረችው ሚስቱ ከነቢላዋዋ መጥታ በትከሻው ላይ አጮለቀች።

«እነዚያ አራቱ ለምን ቆመዋል?»

«የትኞቹ?»

«ጫካው አጠገብ ያሉት። እንጨቱ ካለቀ ቆየ እኮ። ሥራ ቦታ ቀን ሠራተኛ ባሬላ ተደግፎ ሲያወራ ካየህ አገር ይያዝልኝ የምትል ሰውዬ፣ እዚህ ሲሆን ምን ነካህ?»

ጠጋ ብሎ ቆጠራቸው። እውነቷን ነው። ሥራ ላይ ድንጋይ እያስቀመጠ እንኳ ጆሮው አካፋው ላይ ነው። አካፋው ዝም ካለ ስሚንቶው ሊያልቅ ነው፤ ቀና ሳይል «አቡካ!» ይላል። እዚህ ግን ዓይኑ ግንቡ ላይ ተተክሎ፣ ሠራተኞቹ የጨዋታውን እኩሌታ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆሙ ነበር።

ለራሱ ሕግ አወጣ። አንድ ቤት ባስጀመረ ቁጥር፣ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ሰፈሩን በዓይኑ አንዴ ይዞራል፤ የቆመ ካገኘ ሥራ ይሰጠዋል። ረቡዕ ሁለተኛው እርከን ላይ ወጣ። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ደግሞ ለሦስተኛው አንዲት ድል ብቻ ቀረችው።

በዚያች ጨዋታ ባላጋራው የምሥራቁን ግንብ በኃይል መታው። ድንጋዩ ሲረግፍ የግንበኛው ጣት በራሱ ጊዜ ወደ መጠገኛው ሄደ።

«አባዬ...» አለች ልጁ ከኋላው።

ጣቱን አቁሞ ሰፈሩን በዓይኑ ዞረ። ጠጋኝ የሚመጣው ከወርቅ ቆፋሪዎቹ መሀል ነው፤ ቆፋሪ ከተነሣ ደግሞ አዲስ ወታደር የለም።

«ይፍረስ!» አለ። በር ላይ ቆማ የምታየው ሚስቱ፣ ቀጥ ብሎ ለቆመ ግንብ እንዲህ ያለ ቃል ካፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

ወታደሮቹን በሙሉ በምዕራብ በር አውጥቶ፣ ጠባቂ ወዳልቀረበት ወደ ባላጋራው ሰፈር ነዳቸው። ባላጋራው እግሬ አውጪኝ ብሎ ተመለሰ፤ ግን ረፍዶበታል።

ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ልጁ እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ጊዜ አላጠፋችም። በዳሌዋ ገፋ አድርጋው የወንበሩን ግማሽ ያዘችና መመዝገቢያውን ከፈተች።

«የጥንዳችን አለቃ እኔ ነኝ። ካሁኑ እንስማማ።»

«እሺ አለቃ» አላት። ሠላሳ ዓመት ሲጠራበት የኖረውን ቃል ለልጁ ሲያስረክባት ቅንጣት አልከበደውም።