የየትምወርቅ አማና

የትምወርቅን ቂመኛ ናት ይሏታል። አዎ፣ ናት! እኔም ሀሊማ በእሷ ቦታ ብሆን እብስ ነበር።

መካነ ሰላም ላይ የከብት መድኃኒት ቤት አለኝ። ሶላር ስላስገባሁ መብራት ቢጠፋም ዲፕፍሪዜ አይጠፋም፤ የትምወርቅን ያወቅኳትም በዚሁ ነው። የአቀስታ ልጅ ናት፣ ገብስ ገበሬ ቤት ያደገች። እዚህ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ስትጀምር ብልቃጥ ታጥብ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን መምህራኑ የሚፈሩትን ሥራ ሁሉ እጇ ለመደው።

አምና አንድ ፕሮቲን ማውጣት ጀመረች። እሷ እንዳስረዳችኝ፣ ባክቴሪያ የዘር ክሩ ሲበጠስ የሚጠግንበት ፕሮቲን አለው። የዚያን ፕሮቲን ዘረመል ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብታ፣ ባክቴሪያውን አራብታ፣ ሰባብራ፣ ፕሮቲኑን ብቻ አጣርታ ታወጣለች። ተመራማሪዎች ክር እንዴት እንደሚጠገን የሚያጠኑበት ነው፤ ከውጭ ማስመጣቱ ወራት ይፈጃል። ሁለቴ መብራት ጠፍቶ ተበላሸባት። በስምንተኛው ወር ተሳካ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ኮሌጁን ተማምና ሁሉንም አንድ ቦታ አታኖርም፤ ስድስት ትንንሽ ቲዩብ እዚያ ፍሪዘር ውስጥ ትታ ስድስቱን እኔ ዘንድ አመጣች። «ሀሊሜ፣ አማና» አለችኝ። አማናን እኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል፤ አደራ ነው፣ ለሰጠው እጅ ብቻ ነው የሚመለሰው።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር አምባቸው ግን የፕሮቲኑን የምርምር ጽሑፍ ለመጽሔት ሲልክ ስሟን አውጥቶ ጣለው። ቲዩቦቹ ላይ የለጠፈችውን ስም እንኳ ልጦ የራሱን ለጠፈበት። ስትጠይቀው ምን ቢላት ጥሩ ነው? «አንቺ እኮ ብልቃጥ አጣቢ ነሽ።» የፍሪዘሩንም ቁልፍ ተቀበላት። ሱቄ መጥታ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «ይህችን ቃል አስውጠዋለሁ» አለችኝ። እኔ ደሜ ፈልቶ እሳደባለሁ።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች ሊመጡ ሆነ። ፕሮቲኑ ሲሠራ ካዩ አምባቸው ይሾማል፣ የእሷ ስምም ተቀብሮ ይቀራል። እሱ ምን አደረገ? ይደርሳሉ በተባለበት ዓርብ ጠዋት ስድስቱንም ቲዩብ ከፍሪዘር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ በአበባ መሀል ደረደራቸው፣ ለፎቶ! እንግዶቹ መኪና ተበላሽቶባቸው የደረሱት ሰኞ ነው። አይ አለማወቅ! ከቅዝቃዜ ከወጡ የሚበላሹት ቲዩቦች እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ቅዳሜ የትምወርቅ በመስኮት አይታቸው እየሮጠች መጣች።

«ንገሪው እንጂ! የስምንት ወር ልፋትሽ እኮ ነው!» አልኳት።

«አልነግረውም። ይበላሹ።»

ሰኞ አምባቸው ራሱ ሊያሳይ ቆመ። ፕሮቲኑ ከሠራ፣ ጄል በሚሉት ስስ ዝልግልግ ነገር ላይ መስመር ይወጣል። ምንም አልወጣም። ደገመው፤ ምንም። ይኼኔ የትምወርቅ ከኋላ ሆና «ሌላ ግማሽ አለ፣ ሀሊማ መድኃኒት ቤት» አለች። እሷን መለመን ሞት ሆነበትና ራሱ እያለከለከ መጣብኝ።

«ልጅቷ ያስቀመጠችውን ስጪኝ።»

«አማና ነው፤ ለእሷ ነው የምሰጠው።»

«እኔ እኮ አለቃዋ ነኝ! ማኅተም ያለው ደብዳቤ ላምጣ?»

«የፈለጉትን ያምጡ። የሰጠኝ እጅ የእርስዎ አይደለም።»

ወላሂ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከእሷ ጋር ተመለሰ። «አፉ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ለመናት እኔ ፊት።

«እዚህ አይደለም። እንግዶቹ ፊት ማን እንደሠራው ይናገሩ» አለችውና ስድስቱን ቲዩብ ከእጄ ተቀብላ በረዶ ላይ አኖረቻቸው። ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው፤ ይህን ሳላይ ልቅር እንዴ?

«የሠራችው እሷ ናት» አለ አምባቸው እንግዶቹ ፊት፣ በለሆሳስ። አንዷ ገምጋሚ ጮክ ብሎ እንዲደግመው ጠየቁት። ደገመው። ስሟን ጽሑፉ ላይ መጀመሪያ እንዲያስገባም እዚያው አስፈረሙት። አበቃ ብዬ ነበር።

የትምወርቅ ጋዋኗን ለበሰች። ጠረጴዛውን አየች፤ እሱ የተጠቀመባቸው ዕቃዎች ተዝረክርከዋል።

«ዶክተር» አለች በትሕትና፣ «እነዚህን ብልቃጦች አጥበው ያምጡልኝ።»

እንግዶቹ እሱን ያያሉ። እጅጌውን ሰብስቦ አጠበ! የመጀመሪያውን ሲያመጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው።

«አልጠራም። ይድገሙት።»

መስመሩ ቁልጭ ብሎ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እንግዶቹ ለየትምወርቅ ሲያጨበጭቡ አምባቸው ጀርባውን ሰጥቶ ገና ብልቃጥ ያጥብ ነበር።