ሸሃዳሽ ትክክል አይደለም ያለኝ ላፕቶፕ

ከመካነ ሰላም የወጣሁት ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣብቄ ነው። እናቴ አላለቀሰችም። በመስኮቱ እጇን አስገብታ ፊቴን ዳበሰችና «በይ አላህ ይከተልሽ» አለችኝ፤ መኪናው ተነሳ። እስከ ደሴ ድረስ አቧራው በጥርሴ መሃል ሲንቀጫቀጭ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የማስበው ስለ ማስታወክ እንጂ ስለ ናፍቆት አልነበረም።

ናፍቆቱ በሰው ቤት ልሠራ የሄድኩባት ሪያድ ጠበቀኝ። የአገሬን የአቀስታን ብርድ የምታውቁ ሰዎች፣ እዚህ ብርዱ ከግድግዳ በማሽን ይነፋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ደጅ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ጠዋት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ። የገብስ ቂጣ በሕልሜ እበላ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ስልክ ማመን አቆመች። የጎረቤታችን ልጅ በሰው አገር ታማ ስትማቅቅ፣ ለቤተሰቧ «ደህና ናት» እየተባለ ከርሞ ነበር። ስለዚህ «አፊያ ነኝ» ባልኳት ቁጥር፣ «ድምፅማ ማንም ያወጣዋል። ፊትሽን ካላየሁ እንቅልፍ የለኝም» ትለኛለች። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ መካነ ሰላም መምህር ነው፤ ኢንተርኔት ቤት ሊያመጣት ተስማማን። ቀጠሮው አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሆነ፤ የአሠሪዎቼ ቤት ሰው አርብ አርብ እስከ ጁምዓ ይተኛል። እናቴ ከገጠር በእግሯ ነው የምትመጣው።

ላፕቶፑን የሰጠችኝ አሠሪዬ ማዳም ናት፤ ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሎ ልትጥለው ስትል ለመንኳት። ሰልማን የሚባል የመናዊ ጠጋኝ አዲስ ዲስክ ገጠመልኝና የዊንዶውስ ሲዲ በእጄ አስጨበጠኝ።

«መጫኑንስ?» አልኩት።

«ራስሽ ትጭኛለሽ። ‹አት-ታሊ› የሚለውን ብቻ እየተጫንሽ ሂጂ፤ ‹ቀጥሎ› ማለት ነው።»

ለኛ ጆሮ አታላይ ይመስላል፤ ደግሞም ነበር።

አርብ በማለዳ ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። አባቴ ቁርኣን አስተማሪ ስለነበር ዓረብኛ ማንበብ ከልጅነቴ እችላለሁ፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማዳም ውሃ ልትጠጣ ገብታ ስክሪኑን ጮክ ብዬ ሳነብ ሰማችኝ።

«እንደ ሸህ ታነቢያለሽ፤ ጨው አምጪ ስትባይ ግን ስኳር ታመጫለሽ» ብላኝ ተመልሳ ተኛች።

ማሽኑ ዲስኩ ባዶ መሆኑን አሳየኝ፣ ፋይሎቹን ገለበጠ፣ ጠፍቶ በራ። መጨረሻ ላይ ቀንና ዓመት አወጣ። ዓመቱን ሳየው አላውቀውም። ማዳም ቤት የሚቆጠረው ሂጅራ ነው፣ እኔ የምቆጥረው የኛን ነው፤ ይሄኛው ከሁለቱም አይደለም። ተሳስቷል ብዬ አረምኩትና የኛን ዓመት ጻፍኩ። «አት-ታሊ።»

ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የቪዲዮ መደወያውን ላወርድ ኢንተርኔት ከፈትኩ። ቀይ ጽሑፍ መጣ። «ሸሃዳ...» ይላል፣ «ትክክል አይደለም።» ደግሜ አነበብኩት። ወላሂ ደሜ ፈላ። ከአባት ከአያት ጀምሮ ሸሃዳ ይዘን፣ አላህ አንድ ነው ብለን መስክረን የኖርን ሰዎች፣ ዛሬ ይሄ ቆርቆሮ እምነትሽ አይሠራም ይበለኝ! ቢሆንም ፈራሁ። «አሽሀዱ አን ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብዬ እንደገና ተጫንኩት። ያው ነው።

ሰይድ ደወለ። «እታለም፣ መጥታለች። ቁጭ ብላ እየጠበቀችሽ ነው።»

ሰልማንን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። «ማሽንህ ካፊር ነሽ አለኝ!»

ጽሑፉን አነበብኩለት። ሳቁ አላስችለው አለ። «እህቴ፣ የድረ ገጹን ምስክር ወረቀት ነው የሚለው፤ እሱም በዓረብኛ ሸሃዳ ይባላል። ያንቺስ ደህና ነው። ዓመቱን ስንት አደረግሽው?»

ነገርኩት።

«በዚያ ዓመት እኮ ወረቀቱ ገና አልተጻፈም! የት ሆነሽ ነው የምትደውዪልኝ?»

«ኩሽና» አልኩት።

ዓመቱን ወደ ፈረንጁ መለስኩት፤ ተከፈተ። እናቴን አንድ ሰዓት ያህል ካስጠበቅኳት በኋላ መስመሩ ተገናኘ።

«ያረቢ! እሷ ናት!» የእናቴ ድምፅ ነው። እኔ የማየው ግን ጥቁር ሳጥን ብቻ። የነሱ ኮምፒዩተር ካሜራ አልነበረውም፤ ሁላችንም ስለኔ ፊት ስንጨነቅ ስለዚህ ያሰበ የለም።

«ሻሽሽን አውልቂ» አለች። አወለቅኩ። «እጆችሽን።» አሳየሁ። «ተነሺና ተራመጂ እስቲ።» ገበያ እንደወጣች ጊደር ኩሽናው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩላት። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ መረቀችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አየሁሽ። በቃኝ። መንገዴ ሩቅ ነው፣ ልሂድ።»

«አንቺስ እማ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ፣ አፊያ ነኝ።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነስታ ለመቆም ብዙ ቆየች። እስክትወጣ ጠበቅኩና፣ «ሰይዶ፣ እውነቱን ንገረኝ። መልኳ እንዴት ነው? ከስታለች?» አልኩት።

«እታለም፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፤ አይሰማኝም» አለኝ።

ድምፁ አጠገቤ እንደተቀመጠ ሰው ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።