ለሹፌሩ ሚስት የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች

በደርግ ዘመን አዋሳ ውስጥ የታሰርኩበት ክፍል የቀበሌ እህል መጋዘን ነበር። ከቢሮዬ በወሰዱኝ ቀን በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የደረሰኝ የሻገተ በቆሎ ሽታ ነው። ቀጥሎ ቆርቆሮው ላይ የሚራመዱ የአባ ኮዳዎችን፣ የእነዚያን የሐይቁን ትልልቅ ወፎች፣ ኮቴ ሰማሁ። አንድ አዛውንት የእንግሊዝኛ መምህርና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጠጋ ጠጋ ብለው በመሃላቸው ቦታ ሰጡኝ።

ሹፌሩ ከምርመራ ሲመለስ ጣቶቹ አብጠው ብዕር አይዙለትም ነበር። በሳምንት አንድ ቁራጭ ወረቀት ለቤተሰብ መላክ ስለሚፈቀድ ለሚስቱ መምህሩ ጻፉለት። ደብዳቤው ያምር ነበር። ዓይኗን ከኮከብ፣ ድምፅዋን ከወፍ ያወዳድራል።

በማግስቱ ጠዋት ዘቡ መጣ።

"ሚስትህ ጥቁር ለብሳ በር ላይ ቆማለች" አለው። "ይህ የባሌ እጅ ጽሑፍም፣ የባሌ አነጋገርም አይደለም፤ ሬሳውን ስጡኝ ትላለች።"

"በሕይወት አለ አላልካትም?"

"አላመነችኝም።"

አይፈረድባትም። ያኔ ሰው ከተገደለ በኋላም ዘቦቹ ስንቁን ለቀናት ይቀበሉ ነበር።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ሃያ ዓመት የድሮ እንግሊዞችን የፍቅር ግጥም አስተምሬያለሁ። አሥራ አራት መስመር ናቸው። ገሚሶቹ ሴቲቱን መልአክ ያደርጓታል። ደህናዎቹ ግን ይቀልዳሉ፤ በራሳቸውም በእሷም። ጉድለቷን እያዩ እወድሻለሁ ስለሚሏት ታምናቸዋለህ። ተማሪዎቼ በመጀመሪያዎቹ እንዲስቁ አደርግ ነበር። እኔው የጻፍኩልህ ግን እንደነሱ ነው።"

"ታዲያ ምን ልበላት፣ መምህር?"

"ሌላ ሰው የማይላትን።"

ዘቡ ከሳምንቱ ተራ ውጭ ሌላ ቁራጭ ወረቀት ሰጠን። ሹፌሩ ወደ መምህሩ ዞረ። "ሽሮሽ ጨው ይበዛዋል ይበሉልኝ።"

መምህሩ ጻፉ፤ ሹፌሩ ቀጠለ።

"መዘምራን ውስጥ አንቺ ካለሽበት መሪዋ ዜማው ስለሚጠፋባት ሁለት ጊዜ ታስጀምራለች። ስትቆጪ ድምፅሽ ከመኪናዬ ሞተር በላይ ይሰማል። መኪና ተበላሽቶብኝ መንገድ ላይ አደርኩ ያልኩሽ ቀን ወንድሜ ቤት ነበርኩ፤ ፈርቼሽ ነው። አሁን የናፈቀኝ ግን ያው ቁጣሽ ነው።"

እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

መምህሩ ስሙን ሊጽፉለት ሲሉ ከለከላቸው። ብዕሩን በሁለት መዳፎቹ መሃል አጣብቆ ስሙን ራሱ ጻፈ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ዘቡ አላጣደፈውም።

ከዚያ ዘቡ ወረቀቱን አነበበና "ይሄን ልስጣት? ትገድልሃለች" አለ።

"እሷ ትግደለኝ።"

ቀጥሎ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ዘቡ እንደነገረን ነው። ሁለት ጊዜ አንብባ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሳቀች። ከዚያ ጥቁሩን ነጠላ አውልቃ አጣጥፋ ይዛ ታቦር ሰፈር ወዳለው ቤቷ ሄደች። በነጋታው የመጣው ሽሮ ጨው የሚባል አልነካውም። እያጎረስነው ጨረሰና፣ "ተናዳለች" አለ፤ ደስ ብሎት።

መምህሩ ከጥቂት ወራት በኋላ ተጠርተው ወጡ፤ አልተመለሱም። ሹፌሩም እኔም ተፈታን።

በቅርቡ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው የመታሰቢያ ጽሑፍ እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ። "የዕውቀት ብርሃን ነበሩ" ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። በምትኩ ሲያንኮራፉ ክፍሉን ሁሉ ያስነሱ እንደነበር፣ በክርክር መሸነፍ እንደማይወዱ፣ አንድ ቀን ግን በሰው ሁሉ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው እንዳሉ ጻፍኩ። አንዲት ተማሪያቸው፣ አሁን እሷም ጡረታ የወጣች፣ ረቂቁን ቆማ አነበበችና መለሰችልኝ።

"እሳቸው ናቸው" አለች።