ኮርኒስ ላይ የወጣው አምፖል

ከሚሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ብርሃን ከምንጩ ሲርቅ እንዴት እንደሚቀንስ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ሁልጊዜ «ግማሽ» ይላሉ፤ እኔም ሁልጊዜ እስቅባቸዋለሁ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከገበያው ጀርባ ነው፤ መስኮት የለውም፤ በሩንም የተሰቀለ ጨርቅ ስለሚጋርደው የሚሠራው በአምፖል ነው። የከሚሴን ሙቀት የቀመሰ ሰው፣ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አዘንኩለትና ጣሪያውን ከፍ አስደርጌ ኮርኒስ አስመታሁለት። ከስፌት መኪናው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ የነበረውን አምፖልም፣ የሚንዘላዘል ሽቦ አያምርም ብዬ ኮርኒሱ ላይ አስገጠምኩት።

ዒድ ሲቀርብ ስህተት በዛ። አባቴ የአንዱን ጀለቢያ አንገት አጣመመ፤ ነጩን ጨርቅ በክሬም ክር ሰፋ። ከሰንበቴ ከተማ የመጣች አንዲት ደንበኛ ልብሱን መልሳ፣ «አባባ ደክመዋል መሰል» አለች፤ ለስለስ አድርጋ። ብትሳደብ ይሻል ነበር።

ፍርዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«አባባ፣ ዓይንህ ነው። በቃ እረፍ» አልኩት።

«እሺ፣ ኢልማ ኮ» አለ። ልጄ ማለቱ ነው። መኪናውን በአንሶላ ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ከዙህር እስከ አስር ሶላት ድረስ መስጊድ በር ላይ ይቀመጣል፤ እጁን ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

ሦስት ወር አለፈ። ያ የብርሃን ምዕራፍ ደረሰና መብራቱን በአንድ ሜትር፣ ከዚያ በሁለት ሜትር እየሳልኩ ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ሱቁ ሄጄ በአባቴ በራሱ የልብስ ሜትር ለካሁት፤ ከመኪናው እስከ አምፖሉ ሁለት ሜትር ከጥቂት። በረጅም ሽቦ አወረድኩትና አባቴን ጠራሁት።

ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አስገባ።

«ዓይንህ አልነበረም፤ አምፖሉ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ሱቁን ልጄ አሠራልኝ ብዬ ጎረቤት ሰብስቤ ዱዓ አስደርጌበታለሁ። ዱዓ የተደረገበትን ቤት ‹ጨለማ ነው› እንዴት ልበል? የሰው ጨርቅ ከማበላሽ ብዬ ተውኩት እንጂ።»

አፈርኩ። ሦስት ወር ሙሉ ዕውር መስሎ የተቀመጠው እኔን ላለማሳፈር ነበር።