ከፊት ገለል በሉ

ጋራዡ ውስጥ ያሉ ሁሉ «ጆሮ ጠቢ» ነው የሚሉት። ሰው ላይ አይሰልልም፤ መኪና ላይ እንጂ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል። ቁልፍ ሲዞር ከኮፈኑ ሥር የምትወጣውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ፣ ባትሪው ደክሞ ይሁን፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተበላሽቶ፣ ወይ አንድ ቦታ ሽቦ ላልቶ፣ ኮፈኑን ሳይከፍት ይናገራል።

አንድ አመል አለው። የማንም መኪና ይሁን፣ ቁልፍ ከማዞሩ በፊት «ከፊት ገለል በሉ» ይላል። ከፊት ዝንብ እንኳ ባይኖር ይላል። በያጁ «ለእኛ አይደለም፣ ለማይታዩት ነው የሚናገረው» እያለ ይቀልድበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። አመሉ ከየት እንደመጣ ግን ለማንም፣ ለሚስቱም ቢሆን፣ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። አንድ ጠና ያለ ሰው ያረጀች አረንጓዴ ሚኒቫን አስጎትቶ መጣ። ቁልፍ ሲዞር የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ግን ጭጭ። ጆሮ ጠቢው ችግሩን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። እንደዚህ ዓይነት አውቶማቲክ መኪና፣ ማርሹ መቆሚያው ወይም ባዶው፣ ፎሌው፣ ላይ ካልሆነ እንዳይነሳ የምትከለክል ትንሽ ማብሪያ የማርሹ ሳጥን ላይ አለች። የተበላሸችው እሷ ነበረች። ምትኳ በገበያ አልተገኘም፤ ሰውየው ደግሞ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጆሮ ጠቢው ክንድ የማታህል ቀይ ሽቦ ቆርጦ፣ ማብሪያዋን አልፎ ሁለቱን መስመር አገናኘ። ሚኒቫኗ ወዲያው ተነሳች፤ ሰውየውም አመስግኖ ሄደ።

«ለጊዜው ነው፣ በሳምንት ተመለስ» ብሎት ይሆናል። ሳይለውም ቀርቶ ይሆናል። ያን ዕለት አምስት መኪና ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ ምሳ ላይ ጎማ ጠጋኙ የሰማውን ወሬ አመጣ። እዚያ ከወንዙ ማዶ ካሉት ሰፈሮች ባንዱ፣ አንዲት አረንጓዴ ሚኒቫን ቁልፍ ሲዞርላት ዘልላ፣ የግቢውን በር ልትከፍት የወጣችውን የቤቱን እመቤት ከብረቱ ጋር አጣብቃ ገደለቻት አለ። ማርሹ መሄጃው ላይ ቀርቶ ነው ይላሉ አለ።

ጆሮ ጠቢው እጁን ከምሳው ሰበሰበ። ማርሹ መሄጃው ላይ ሆኖ ያቺ መኪና መነሳት እንደሌለባት ከእሱ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ የማን መኪና ናት? አልጠየቀም። በማግስቱም፣ በወሩም አልጠየቀም። ስንት አረንጓዴ ሚኒቫን አለ እያለ ራሱን አባበለ። ወንዙን መሻገር ግን ተወ፤ ማዶ ሥራ ሲጠሩትም ሰበብ ፈልጎ ሌላ ሰው ይልካል።

ከዚያ ወዲህ ነው ቁልፍ በዞረና ሞተር በተነሣ መካከል ባለችው ቅጽበት የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል የሚሰማው። በሩን አይቶት አያውቅም። አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ዝገት የበላው ሆኖ ይመጣበታል። ሴትዮዋ ሁልጊዜ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትቆመው። ፊት የላትም።

ዘንድሮ፣ ዝናብ አድሮበት በነጋ አንድ ጠዋት፣ ነጭ ሚኒቫን ተጎትታ ገባች። ባለቤቷ መጋረጃ ሰፊ ነበረች፤ የኋላው ወንበር ተነቅሎ ጥቅል ጨርቅ ተጭኖበታል። ሰሞኑን አልፎ አልፎ እንቢ ስትል ቆይታ፣ ዛሬ ጭራሽ ዝም እንዳለች ነገረችው።

ፊት ለፊት ያሉትን ገለል አድርጎ ቁልፉን አዞረ። ምንም። የፊት መብራቱን አብርቶ ደግሞ አዞረ፤ መብራቱ ፍዝዝ አላለም፤ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው። ሞተሪኖውን በቀጥታ ከባትሪው ቢያገናኘው ዞረ። እንግዲህ ኃይሉ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። ማርሹን ከመቆሚያው ወደ ፎሌው ሲያወጣው ሞተሩ ተነሳ፤ ሲመልሰው ደግሞ ጭጭ። የቷ ዕቃ እንደሆነች ገባው።

ባትሪ መብራቱን ይዞ ከሥር ገባ። ማብሪያዋ ከሌላ መኪና የተነቀለች አሮጌ ነበረች፤ ማን እንደገጠማት አያውቅም። ከጎኗ ግን፣ ጭቃ የለበሰ፣ መሀሉ ተቆርጦ የቀረ የቀይ ሽቦ ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ ተንጠልጥሏል። ሽቦው የታሰረበት ፕላስተር የተጠቀለለው ወደ ግራ ነው። በዚያ ጋራዥ በግራ እጁ የሚሠራ እሱ ብቻ ነው።

ምን ያህል እንደተጋደመ አላወቀም።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አለች ሰፊዋ ጎንበስ ብላ።

ወጥቶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ሰባት ዓመት ተኩል ያልጠየቀውን ያን ጊዜ ጠየቀ።

«ይህቺን መኪና ከማን ገዛሻት?»

«የአባቴ ናት። አረንጓዴ ነበረች፣ እኔ ነኝ ነጭ ያስቀባኋት።» ደግሞ ጨመረች። «እናቴን የገደለቻት እሷ ናት። እንዴት ትነጃታለሽ ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ሌላ የለን።»

«ከሥር ያለችውን ቀይ ሽቦ ያሰርኳት እኔ ነኝ» አላት።

አልጮኸችም። ሽቦዋ ምን እንደምትሠራ እንዲያስረዳት ጠየቀችው። ማርሹን እያንቀሳቀሰ አስረዳት፤ አንዱንም ሳይደብቅ። ሰምታ ስትጨርስ፣ አባቷ እስከዛሬ የሚያወራው ስለ ማርሹ ብቻ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የእጄ ነው ከማለት በቀር ስለ ሽቦ አንድም ቀን አንስቶ እንደማያውቅ ነገረችው። አባቷ ከአደጋው ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም።

«ሠርተው ሲጨርሱ እርስዎ ራስዎ ቤታችን ድረስ ያምጧት» ብላ ጨርቋን አሸክማ ሄደች።

አዲስ ማብሪያ ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀበት። ከገጠማት በኋላ ቁራጮቹን ከሥራቸው ነቅሎ ጣለ። ፍሬኑን ረግጦ፣ በየማርሹ እየለወጠ ቁልፉን አዞረ፤ በመቆሚያውና በፎሌው ትነሳለች፣ በሌላው በጭራሽ። ያን ዝምታ ደጋግሞ ፈተነው። በያጁ «ተሠርታለች እኮ፣ ምን ይነዘንዛታል» ሲል ሰማው፤ ቁልፉን ደግሞ አዞረ።

ከዚያ መኪናዋን እየነዳ ወንዙን ተሻገረ።

በሩ ሰማያዊም ዝገታምም አልነበረም። ብረቱ ተነስቶ በጣውላ ተተክቷል። ሽማግሌው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ጆሮ ጠቢው መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ጠፋበትና፣ የመጣለትን ያህል ቆሞ ተናገረ።

ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቀው። «ቶሎ ተመለስ ብለኸኝ ነበር» አለ። «ዛሬ ነገ ስል የቆየሁት እኔ ነኝ።»

«ብዬዎት ነበር?»

«ብለኸኛል።»

ሲመልስ ቀና ብሎ አላየውም። እውነቱን ይሁን፣ ምሕረት ማድረጉ ይሁን፣ ጆሮ ጠቢው መለየት አልቻለም፤ ደግሞ ለመጠየቅም ድፍረት አላገኘም። ሁለት ሰዎች፣ ባንድ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ አንዱን ጥፋት እያንዳንዳቸው ሙሉውን ተሸክመውት ኖረዋል።

«አይተሃት ታውቃለህ?» አለ ሽማግሌው።

«አላውቃትም።»

ልጁን ጠርቶ ፎቶግራፍ አስመጣ። ወፍራም፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ የምትስቅ፣ ፊት ጥርሷ ላይ ክፍተት ያላት ሴት ናት። ስሟን ነገረው። ነገር አዋቂ እንደነበረች፣ መኪናዋን ራሷን «አሮጊቷ ጣውንቴ» እያለች ታሾፍባት እንደነበር፣ ያን ጠዋት በሩን የከፈተችው ተራዋ ሆኖ ሳይሆን እሱ ጉልበቱን አሞት ስለነበር እንደሆነ፣ አንድ በአንድ አወራለት። ጆሮ ጠቢው መጥቶ የማያውቅ ዕንባ መጣበት። ሽማግሌው አላጽናናውም፤ ወንበር ብቻ ገፋ አደረገለት።

ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ፣ ሰባት ዓመት ተኩል ሙሉ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ደክሞኝ ነው» ያላትን ቀኖች ማስታወስ ጀመረች።

ቀለለህ ወይ ብለው ቢጠይቁት አልቀለለኝም ነው የሚለው። አሁን ቁልፍ ባዞረ ቁጥር፣ ከፊት የምትቆመው ሴት ዞር ብላ ታየዋለች፤ በስሟም ያውቃታል።