መንገደኛ ነን ያልንበት ቀን

ቡና ለቀማ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ አንድ ሰፌድና አንድ ባዶ ጆንያ ነው። ጆንያው ለመቀመጫ ነው። መጋዘኑ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ነበር። የለቃሚዎቹ ካቦ አዴ ሐዋ አጠገባቸው አስቀምጠው አሳዩኝ። ጥቁሩ ፍሬ ለብቻ፣ ሰባራው ለብቻ፣ ጠጠሩ ለብቻ ይወጣል፤ ደህናው ሰፌዱ ላይ ይቀራል።

«እጅሽን አታፋጥኚ» አሉኝ። «ገና ነሽ፤ ጥቁሩን ትተሽ ደህናውን ትጥያለሽ።»

ከሰዓት በኋላ ሌላ ትምህርት ነበር። ባለመጋዘኑ አቶ ወንድሙ ሰኮሩ ላይም መጋዘን ነበራቸው። እዚያ ለቃሚ ሲያንስ በጭነት መኪናቸው ከጅማ ይወስዱናል። ስንሄድ ባዶ ጆንያ ላይ እንቀመጣለን፤ ስንመለስ ቡናው ላይ፣ የሸራውን ገመድ ይዘን። ጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ክልክል ስለሆነ ሾፌሩ ኬላው ሳይደርስ ጥሩምባውን ሁለቴ ይነፋል። እንወርዳለን። ነጠላ ተከናንበን፣ ዘንቢል አንጠልጥለን፣ ገበያ እንደዋለ ሰው ኬላውን በእግር እናልፋለን። መኪናው ከመታጠፊያው ወዲያ ቆሞ ይጠብቀናል።

«ፖሊስ ቢጠይቅሽስ?» አሉኝ አዴ ሐዋ።

«ለቃሚ ነኝ እላለሁ።»

«ያ ረቢ! ይቺ ሴት ሾፌሩን ልታሳስር ነው የመጣችው!» ሴቶቹ ሳቁ። «መንገደኛ ነኝ፣ ሾፌሩን ለምኜ ነው የተሳፈርኩት፣ ነው የሚባለው፤ አዝኖ ያሳፈረን ሾፌር ይምሩታል። እስቲ በይ።»

አልኩ።

«እንደሱ አይደለም። ደክሞሽ በይው።»

ደክሞኝ አልኩት። እንደገና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

አራት የቡና ወቅት እንዲህ ሠራሁ። ቃሉንም ብዙ ጊዜ ተናገርኩት። በኋላ ሳላስበው ከአፌ ይወጣ ጀመር።

ባሌ ሲሞት ልጄን አስካለን ከአራተኛ ክፍል አስወጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ዓይኗ ፈጣን ነው፤ በወሩ እኔን በለቀማ በለጠችኝ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ መኪናው ላይ ስንወጣ ሁልጊዜ የቀሚሷን ጫፍ በእጄ ጠቅልዬ እይዝ ነበር።

«እማዬ፣ ቀሚሴን ልትቀጂው ነው» ትለኛለች።

«ይቀደድ።»

አደጋው የደረሰው ከሰኮሩ ስንመለስ ነው። ዝናብ ዘንቦ አባርቷል። ከፊት የመጣ መኪና ለማሳለፍ ሾፌራችን ጥግ ያዘ፤ የመንገዱ ዳር አፈር ከዳው። መኪናው ቀስ ብሎ ነበር የተጋደመው። ከቡናው ጋራ ተያይዘን ወረድን። ስነሳ የአስካለ ቀሚስ ቁራጭ እጄ ውስጥ አለ፣ እሷ የለችም። ሦስት ጆንያ ስናነሳ ነው ያገኘናት። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።

ትራፊክ ፖሊስ ደብተሩን ይዞ መጣ። «እናንተ እነማን ናችሁ?» አለ።

ከአዴ ሐዋ ጋር ስድስት ነበርን። ከአስካለ በስተቀር ሁላችንም አንድ በአንድ፣ ደክሞን፣ «መንገደኛ ነን፣ ሾፌሩን ለምነን ነው» አልነው። ማንም ተናገሩ አላለንም። ሾፌሩ እንኳ ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

አስካለ ከመሬት ሆና «እማዬ፣ ለቃሚ ነን በይው እንጂ» አለች።

«ዝም በይ!» አልኳት።

ፖሊሱ ጽፎ አነበበልኝ። ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ አተምኩ።

ሆስፒታል እግሯን አሰሩላት። ወሩ ሲያልቅ ሐኪሙ ፈታው፤ አጥንቱ ጠማማ ይዟል። «አዲስ አበባ ሄዳ እንደገና ካልተሠራ እንዲህ እንደሆነ ይቀራል። መዘግየት የለበትም» አለኝ። ለዚያ የሚሆን ነገር ቤቴ ውስጥ አልነበረም።

አቶ ወንድሙ ዘንድ ሄድኩ። «አይዞሽ» አሉኝ። «መኪናው ኢንሹራንስ አለው። ሂጂና ጠይቂያቸው።»

የኢንሹራንሱ ወኪል ክራባት ያሰረ ወጣት ነው። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከዚያ ውሉን አነበበልኝ። «የባለመኪናው ሠራተኛ ለሥራ ሲሄድ ቢጎዳ ኩባንያው ይከፍላል። ለምኖ የተሳፈረ መንገደኛ ግን ውሉ ውስጥ የለም፣ ሴትዮ።»

«እኛ ሠራተኞች ነን ጌታዬ። እርስዎ መጋዘኑ መጥተው ይዩን።»

የፖሊሱን ወረቀት ወደኔ አዞረው። «ይሄ ጣት ታዲያ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሳይነበብልሽ ነው ያተምሽው?»

ሳይነበብልኝ ነው ብል ምናልባት ይረዳኝ ነበር። ግን ፈራሁ፤ «ተነቦልኛል» አልኩት።

ወደ አቶ ወንድሙ ተመለስኩ። የኔ ለቃሚዎች ናቸው ብለው ይመስክሩልኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስምሽ መዝገቤ ላይ የለም። ለቃሚ በቀን ነው የሚገባው።»

«ፊቴን ግን ያውቁታል፣ ጋሼ።»

«አውቀዋለሁ። እኔ ግን ቡና ብቻ ነው የጫንኩት ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ሰው ያስጫንኩት እኔ ነኝ ካልኩ ክልክል ነውና ለመኪናውም ለቡናውም አይከፍሉኝም። ያኔ መጋዘኑ ይዘጋል፤ አንቺም ሥራ የለሽም።»

በማግሥቱ ለቀማዬ ላይ ተገኘሁ፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

የደፈሩት አዴ ሐዋ ናቸው። ሌሎቹን ሦስት ሴቶች ሰብስበው ከኔ ጋር ወኪሉ ዘንድ ገቡ። ግንባራቸው ላይ የአደጋው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር። «ወላሂ፣ ይቺ ሴት ለቃሚዬ ናት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አሉት።

ወኪሉ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። «ያን ቀን አምስት ሴቶች አንድ ቃል ሰጣችሁ። ዛሬ ደግሞ አምስታችሁም ሌላ አንድ ቃል ይዛችሁ መጣችሁ። የትኛውን ልመን?»

«ያኛውን በፍርሃት ነው ያልነው፣ ጌታው።»

«ይገባኛል እናቴ። በፍርሃት ነው የሚባል ነገር የምጽፍበት ቦታ ግን ፎርሙ ላይ የለም።»

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ለኢንሹራንሱ ዋና መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፈልኝ። ቡናው ተለቅሞ አልቆ፣ ዝናብ ከገባ በኋላ መልሱ መጣ። አስካለ ፖስታውን ቀድዳ በልቧ አነበበችው።

«ምን ይላል?»

«ጥያቄው ተቀባይነት የለውም ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላው ፊርማ ነው።»

አጥፋ ትራሷ ሥር አስገባችው። ሐኪሙ ያለው ጊዜ አልፎ ነበር። እግሯ እንደዚያው ቀረ።

ለቀማ ቁጭ ብለው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ስለዚህ አስካለ ዛሬም አጠገቤ ናት። መኪናው ላይ አትወጣም። «ነግሬሽ ነበር» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። በዚያ ፈንታ ምሳ ስንበላ ጆንያው ላይ በከሰል ፊደል እየጻፈች ታስተምረኛለች። ይህን የጻፍኩት በዚያ ፊደል ነው፤ ስህተቱን እሷ አርማዋለች፤ «ዝም በይ» ያልኩበት ጋ ስትደርስ ግን ምንም ሳትነካ አለፈችው።

አዴ ሐዋ እጃቸው ሲደክም ካቦነቱን ለኔ ተዉልኝ። አዲስ ሴት ስትገባ ሰፌድና ጆንያ እሰጣታለሁ፤ ጥቁሩን ከሰባራው መለየት አሳያታለሁ። መንገደኛ ነኝ ማለት ግን አላስተምርም። ሾፌሩ ዛሬም ከኬላው በፊት ሁለቴ ይነፋል። ሥራዬን ስለምፈልገው እወርዳለሁ።

ካሁን ወዲያ ፖሊስ ቢጠይቀኝ የአቶ ወንድሙ ለቃሚ ነኝ እላለሁ። እናንተም የማን ሠራተኛ እንደሆናችሁ፣ ማን እንደላካችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ ተናገሩ። የሚጻፈው እሱ ነው፤ ኋላ የምትሉትን ማንም አይጽፈውም።