«ቆልፌዋለሁ» ተብሎ የተረከብነው ክላሽ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመጋዘን ጥበቃ ድርጅት የመሣሪያ ጥገና ሠራተኛ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ግርማ ክላሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «ተቆልፏል። ጥይት ጎርሷል ወይስ ባዶ ነው?» አለኝ።

«ከተቆለፈማ ባዶ ነው» አልኩ። ሳቀብኝ። ጡረታ የወጣ ሻምበል ስለነበር ሲስቅም ፊቱ አይፈታም።

«በቀኝ በኩል ያለው ረጅም ብረት መቆለፊያው ነው» አለ። «ወደ ላይ ስትገፋው ምላጩን ከውስጥ ይይዘዋል፤ ብትስበውም አይተኩስም። የማቀባበያው እጀታም እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ እንዳይመጣ ያግደዋል። ስለዚህ አዲስ ጥይት አይጎርስም። ቀድሞ የጎረሰውን ግን አያወጣልህም። ካዝናውን ብትነቅልም ያቺ አንዷ እዚያው ናት።»

ከዚያ አሠራሩን አሳየኝ። አፈሙዙን ጥግ ላይ ወዳለው አሸዋ የተሞላ በርሜል አዞረ፣ ካዝናውን ነቀለ፣ መቆለፊያውን አወረደ፣ እጀታውን እስከ መጨረሻው ስቦ ወደ ውስጥ አየ። ባዶ ነበር።

ግርማ ሥራውን ሲለቅ የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ጥበቃዎቹ ታዲያ የራሳቸው የርክክብ ልማድ ነበራቸው። ከተረኛነት የሚወጣው «ቆልፌዋለሁ» ብሎ በሁለት እጁ ይሰጣል። ተቀባዩ ካዝናውን ይነቅላል፣ መቆለፊያውን ያወርዳል፣ «የመምቻው ሞላ ይረፍ» ብሎ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ምላጩን አንዴ ይስብና እዚያው ይሰቅለዋል። ከፍቶ ማየት ሰጪውን ውሸታም እንደማለት ይቆጠር ነበር። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» በሚል ከተማ፣ ይሉኝታ የተረፈችው ለዚህች ብቻ ይመስል።

ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። ከጀርባው ፋጡማ ሻይ ትሸጣለች።

ከፍታችሁ እዩ ብዬ አዘዝኩ። እሺ ይሉኛል፣ ዞር ስል የለም። ከሁሉም አንጋፋው፣ ሁላችንም በሶማሊኛ «አደር»፣ አጎቴ፣ የምንለው ሮብሌ፣ ጭራሽ ተቀየመኝ።

«አቦ፣ ቆለፍኩ ካልኩ ቆለፍኩ ነው። ምን ልታይ ትከፍታለህ?»

እውነቱን ነው፤ ሳይቆልፍ አስረክቦ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ሮብሌ ከአዳር ወጥቶ ለቀኑ ተረኛ ለሙራድ አስረከበ። ሙራድ ካዝናውን ነቀለ፣ መቆለፊያውን አወረደ፣ ጣቱን ወደ ምላጩ ላከ። በር ላይ ቆሜ ነበር። ደሜ ፈላ፤ ትእዛዜን እፊቴ ሲጥሱት ማየት መረረኝ። ሄጄ ጠመንጃውን ከእጁ ነጠቅኩትና ወደ በርሜሉ አዞርኩ። እጀታውን ስስበው ጥይት ተስፈንጥሮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

ከቆርቆሮው ጀርባ ፋጡማ ስኳር በዛ ከሚላት የባጃጅ ሹፌር ጋር ትከራከራለች።

«ኮሽታ ሰምቼ ሌባ መሰለኝ፣ አቀባበልኩ» አለ ሮብሌ። «ውሻ ነው። መልሼ ቆለፍኩት። ወላሂ ቆልፌው ነበር።»

«አውቃለሁ አደር። ቆልፈኸው ነበር።»

ወጥቶ ቆርቆሮውን ዞረና ፋጡማ አጠገብ ቆመ።

«ሻይ ልቅዳልህ አደር?» አለችው።

በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፍኖ አለቀሰ። «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ተከትዬው የወጣሁትን እኔን ጠየቀችኝ። በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሮብሌ ማንም ሳያዘው በርሜሉ ጋ ቆሞ ክላሹን ከፈተና ለሙራድ ዘረጋለት። «እይ፣ ጣትህንም አስገባ» አለው። ሙራድ አፍሮ መሬት መሬት ያያል።

«እይ እንጂ። አንተ ካላየህ እኔ ቤቴ አልገባም።»

ሙራድ አየ። ከዚያ ወዲያ እኛ ጋ ከፍቶ በማየት የተቀየመ የለም።

ለምትተኩን የምለው ይህን ነው፦ የሚያስረክባችሁ ሰው እውነቱን ቢናገርም ከፍታችሁ እዩ።